ወንጀል ዘር የለውም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ባለ አንድ ሻይ ቤት የአሜሪካ ወንበዴዎችን የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ስንመለከት፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ጣሊያኖቹና አየርላንዶቹ ሲታኮሱ አይቶ «እነዚህ ዘሮች ድሮም አይዋደዱም» አለ። ንግግሩ በጣም አሳሰበኝ።

እንዲህ ያሉ ድራማዎች የገንዘብን ጠብ የዘር ጠብ አስመስለው ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካዋ ከተማ ቺካጎ ደም ያፋሰሰው የተከለከለ መጠጥ ንግድ ነበር። የታዋቂው የወንበዴ አለቃ የአል ካፖን ቡድን የጣሊያኖች ይባል እንጂ ገንዘብ ያዡ ጄክ ጉዚክ አይሁዳዊ፣ ሌላው አባሉ መሬይ ሃምፍሪስ ደግሞ የዌልስ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ «የአየርላንዶች» የሚባለውን ተቀናቃኝ ቡድን ከአለቃው ከኦባኒዮን መገደል በኋላ የመራውም ፖላንዳዊው ሃይሚ ዋይስ ነው።

ያንን ዘመን የሚተርከው «ዘ አንተቸብልስ» እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ጣሊያን አሜሪካውያን ወንጀለኛው ሁሉ የእነርሱን ስም መያዙን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ድራማውን በገንዘብ የሚደግፈውን የሲጋራ ኩባንያ ምርት እንዳይገዛ እስከማሳደም ስለደረሱም፣ አዘጋጆቹ በ1961 ለልብ ወለድ ወንበዴዎች የጣሊያን ስም ላለመስጠት ተስማሙ። ይሁን እንጂ ስም መለወጥ ብቻውን በቂ አይመስለኝም።

ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ገበያ በሚገናኙባት ጅማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የእኛም ደራስያን ሌባውን በአነጋገር ዘዬው ከማስለየት ይልቅ፣ ጉቦውን ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለና ዕቃው በማን መጋዘን እንዳደረ ቢያሳዩን እመኛለሁ።