አክስቴ ከበርጩማው ሥር ያየችው

ባለፈው ዓመት ከገጠር ለሕክምና መጥታ እኛ ቤት የሰነበተችውን አክስቴን ወደ ጅማ ሙዚየም ወስጃት ነበር። የዳግማዊ አባ ጅፋርን መገልገያዎች ለማየት ትጓጓለች ብዬ ገምቼ ነበር፤ እሷ ግን ብዙውን ዕቃ በዓይኗ እያለፈች ሄዳ ከአንድ ግንድ ከተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፊት ቆመች። ነጠላዋን ሰብስባ ጎንበስ አለችና ከመቀመጫው ሥር ተመለከተች፤ ከዚያም «ይህን የጠረበው ሰው ግራኝ ነው» አለች። እንዴት እንዳወቀች ብጠይቃት እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣቷ ሳትነካ እያመለከተች፣ መሮው ጥሎት የሄደው ምልክት ወዴት እንደሚያዘነብል አሳየችኝ። አያቴ ዋንዛ እየጠረቡ በርጩማ የሚሠሩ ሰው ስለነበሩ፣ እሷ ያደገችው በፍልፋይ መሀል ነው።

እውነቷን ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ የእይታና የክዋኔ ጥበባት መምህር ነኝ፤ ያንን በርጩማ ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም «ከአንድ እንጨት የተሠራ ነው፤ ምስማርም ሙጫም የለውም» ብዬ ወደሚቀጥለው ዕቃ አልፋለሁ። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አይቼው አላውቅም።

ሰው ሙዚየም ውስጥ እንዴት እንደሚማር ለረጅም ዓመታት ያጠኑት አሜሪካውያኑ ጆን ፎልክና ሊን ዲርኪንግ የጎብኚን ልምድ በሦስት ነገሮች ይተነትኑታል፦ ጎብኚው ይዞት በሚመጣው የራሱ ዕውቀትና ፍላጎት፣ አብረውት ባሉት ሰዎች፣ እንዲሁም በቦታውና በዕቃው አቀማመጥ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደረቅ ንድፈ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን የአባቷን ደጃፍ ይዛ ገባች፤ ያየችውንም የነገረችው ጎኗ ለቆምኩት ለእኔ ነው፤ በርጩማው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሥሩን ማየት ባልቻለች ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ያ ቀን ተራ ሽርሽር ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጎብኚ በአንድ ሥራ ፊት የሚቆይበት ጊዜ ብዙዎቻችን ከምናስበው ያነሰ ነው። ጄፍሪ ስሚዝና ሊዛ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በታወቁ ሥዕሎች ፊት በአማካይ የቆዩት 27.2 ሰከንድ ሲሆን፣ ግማሾቹ ከ17 ሰከንድ አይበልጡም ነበር። ጎብኚን የሚይዘው ድካምም ቢሆን የስንፍና ምልክት አይደለም። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» ስለሚባለው ነገር ሲጽፍ፣ አንድን ሰው ለዓይን በማይመች ቦታ የተቀመጡ ዕቃዎችን ለማየት ሲያጎነብስና ሲንበረከክ ፎቶግራፍ አንስቶ ነበር ያሳየው።

የእኔ ጥፋት ግን ከአቀማመጥም ከጊዜም አይደለም፤ ከአፌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎች ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ በመሆኑ፣ ልጆቹ ሲደርሱ እግራቸው ዝሎ ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሙዚየም አስጎብኚው ከፊት እየሮጠ፣ እኔም ከኋላ የቀረውን እየሞላሁ አንድም ነገር ሳናስቀር ነገርናቸው። ሲመለሱ ምን እንዳዩ ብጠይቃቸው ያስታወሱት የበሉትን ሳምቡሳ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ አንድ የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ብቻ መርጬ ሁሉንም መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊሊፕ የናዋይንና አቢጌይል ሀውሰን ያዘጋጁትን የማስተማሪያ ስልት ተከትዬም ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ እዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንደዚያ ያሰኛችሁ ምን አይታችሁ ነው? ሌላስ ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ ዝምታ ሆነ፤ መምህር ዝምታን መታገሥ እንዴት እንደሚከብደው የሚያውቀው መምህር ብቻ ነው። ከዚያ አንዱ ከላይ በፈረስ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው አለ። ቆየት ብሎ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ጣሊያኖቹ ለምን አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» አለች። በነባሩ የሀገራችን አሣሣል ጠላት በጎን፣ ወገን ደግሞ ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን እንደሚሣል መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ልጆቹ ዓይን መቁጠር ጀመሩ። «ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ ስለሆነ ነው» ያለ ነበር፤ «ሠዓሊው ስለማይወዳቸው ነው» ያለችም ነበረች። ስለ ልማዱ የነገርኳቸው ተከራክረው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ የሚያርፍበት ቦታ አግኝቷል።

ስልክ ቦርሳ ውስጥ እንዲቆይ ያደረግሁትም በምክንያት ነው። ሊንዳ ሄንክል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ዕቃውን እንዳለ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ይልቅ ያስታወሱት ያነሰ ነበር፤ አንድን ክፍል ብቻ አቅርበው ያነሱት ግን እንደዚያ አልሆኑም። ስለዚህ ስልኩን ጨርሶ ከመከልከል «የወደዳችሁትን ትንሽ ነገር ብቻ አንሡ» ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ ገና አልሞከርኩትም።

ባለፈው ወር ተማሪዎቼን እዚሁ ጅማ ሙዚየም ወስጄ በበርጩማው ፊት አስቀመጥኳቸውና ምንም ሳልናገር ቆየሁ። መቀመጫው መሀሉ ለምን እንደጎደጎደ፣ ማን ተቀምጦበት ሊሆን እንደሚችል፣ ከሦስት ይልቅ አራት እግር ቢኖረው ወጣ ገባ መሬት ላይ ይወላገድ እንደነበር ተነጋገሩ። ደስ ብሎኝ ማታ ለአክስቴ ደወልኩላት።

«ከሥሩ አዩት?» አለችኝ።

«ኧረ አላዩትም» አልኳት።

«ታዲያ ምኑን አዩት ልጄ?»