ባለ ቦርሳው

ማክሰኞ ጠዋት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ ሰውዬ ወደቀ። ከኔ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። አሮጌ ካፖርት፣ አቧራ የጠጣ ጫማ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ሰልፉ ላይ ሠላሳ ሰው አናንስም፣ ግን መጀመሪያ ያየነው እሱን ሳይሆን እርስ በርሳችንን ነው። እኔ ከፊቴ ያለችውን ሴትዮ፣ እሷ ከኋላዬ ያለውን ጎረምሳ፣ እሱ ደግሞ ስልኩን።

"በጠዋቱ ጠጥቶ ነው" አለ አንዱ። እውነቱን ልናገርና ይቺን ስሰማ ቅልል አለኝ። ሰካራም ከሆነማ የኔ ጉዳይ አይደለማ! ጠርሙስ አላየሁበትም፣ አልሸተተኝም። ካፖርቱ ነው የመሰከረበት።

ይሄኔ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናዋን ትታ እየሮጠች መጣች። "እርዱኝ" ምናምን የለም። ጣቷን ወደኔ ቀስራ "አንተ ባለ ቦርሳው! ና ጭንቅላቱ ስር አድርግለት" አለች። አደረግኩ። ስጠራ ስጠብቅ የነበርኩ ነው የሚመስለው። ሌላው ክብሪት ለኩሶ ሊያሸተው ሲጠጋ "ዞር በል፣ ክብሪት ምን ያደርግለታል!" ብላ መለሰችው። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኛነው። ሰውዬው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ጫማውን ነው፣ አንዱ ወልቆ ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተማርኩት ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ 1968 ዳርሊና ላታኔ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው፣ ኒውዮርክ ውስጥ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው በማይክሮፎን ያነጋግሯቸዋል። መሃል ላይ አንዱ የሚጥል በሽታ የተነሳበት ይመስል እየተንተባተበ እርዳታ ይጠይቃል (ድምፁ በቴፕ የተቀዳ ነው)። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ካሉት 85 በመቶው ጣር ላይ እያለ ተነስተው ተናገሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶው ብቻ። ዝም ያሉት ደግሞ ደንታ ቢሶች አልነበሩም፣ በሩ ሲከፈት ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሄን ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ እንግዲህ።

የሰው ብዛት ግን ካፖርቱን አያስረዳልኝም። ለሱ የሚቀርበው ሌላ ጥናት ነው፣ 2005 የወጣ፣ እንግሊዝ አገር ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች በእግር ሲያልፉ አንድ ሯጭ አዳልጦት ይወድቃል። የማንቸስተር ማልያ ሲለብስ ሁሉም ለማለት ይቻላል ረዱት፣ የሊቨርፑል ሲለብስ ከሦስቱ አንዱ እንኳን አልሞላም። ከዚያ ጥናቱን ደግመው ሌሎቹን ደጋፊዎች በክለባቸው ሳይሆን በኳስ ወዳድነታቸው ሲያናግሯቸው ለሊቨርፑሉም እጃቸውን ዘረጉ። ተራ ካናቴራ የለበሰው ግን አሁንም መሬት ላይ። እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ያ ሰውዬ በካፖርቱ ፈንታ ቀይ ማልያ ለብሶ ቢሆን "ጠጥቶ ነው" የሚለውን ባልተቀበልኩ ነበር፣ ይሄን እምላለሁ።

ያላወራሁት አንድ ነገር አለ። ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን በሳሙና አጠብኩት፣ ሁለቴ። ሰውዬው አረፋ ደፍቆ ነበር። "አረፋው ይተላለፋል" ሲባል ነው ያደግኩት። እንደማይተላለፍ ደግሞ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ግን አጠብኩት።

ሐሙስ ቡና ልጠጣ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። በሽታውን በምን እንዳወቀች ጠየቅኳት።

"ወንድሜ አለበት" አለች ስኒ እያለቀለቀች። ከዚያ እግሬ ስር ያስቀመጥኩትን ቦርሳ አየችው። "አጠብከው እንዴ?"

"አዎ፣ አቧራ ነክቶት" አልኳት። ምንም አላለችም። ቡናዬን ቀዳችልኝ።