ደብረ ብርሃን ላይ ለድራግ ውድድር መኪና ስመርጥ

«ለምን ከዚህ የተሻለ መኪና አልገዛህም?» ይሉኛል ሰዎች፣ የቶዮታ ዲኤክሴን ኮፈን ከፍቼ ስሠራ ሲያዩኝ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱ ግን ረጅም ነው። ድራግ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ አጭር መንገድ የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። ሙሉው ርቀት 402 ሜትር፣ ግማሹ ደግሞ 201 ሜትር ነው። በዚህ ስፖርት እንደ እኔ ያለ አማተር መኪናውን የሚመርጠው የፈረስ ጉልበት እያነጻጸረ አይደለም። ካለው ገንዘብ፣ በከተማው ከሚገኘው መለዋወጫ፣ እጁ ከለመደው ሞተርና ከሚኖርበት ምድር ከፍታ ተነሥቶ ነው። እኔ የምኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ምርጫዬን ከሁሉም በላይ የወሰነው ይህ ቁጥር ነው።

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የተለመደው ግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይጠፋል የሚል ነው። በዚህ ሒሳብ ደብረ ብርሃን ላይ ተርቦ (አየር የሚያምቅ ዕቃ) የሌለው ሞተር ገና ሳይነሣ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ አጥቷል። 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተሸጠ መኪና እዚህ 75 አይሞላም። አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሚር የተባለው የውድድር ሜዳ 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ስለነበር፣ የአገሪቱ የድራግ ማኅበር ለአንዳንድ ምድቦች የሰዓት መስፈርቱን ለከፍታው ሲል ያስተካክል ነበር። እኛ ከዚያም በአንድ ሺህ ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንወዳደረው።

የሰሜን ሸዋ መንገድ ይህን ትምህርት በግማሽ ቀን ይሰጣል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት የነበረው መኪና ታች ሲደርስ ነዳጅ መስጫው ገና ሲነካ ይወረወራል። እርግጥ የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሳሳው፣ ጥቅሙ ከፍታው ብቻ ተሰልቶ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው።

መኪና ስፈልግ ከፊቴ አራት ምርጫዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የአጎቴ ልጅ ቪትዝ ነው። ቀላል ነው፣ ሞተሩ በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር ራሱ ያስማማል። ጉድለቱ የሚነዳው በፊት ጎማ መሆኑ ነው። መኪና በኃይል ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ የፊት ጎማዎቹ ጫና ይቀልላቸውና መሬቱን መቆንጠጥ ያቅታቸዋል። ሁለተኛው አሮጌ ቮልስዋገን ነበር። ሞተሩ ከኋላ፣ የሚገፉት ጎማዎችም ከኋላ በመሆናቸው አነሣሡ ከመጠኑ በላይ ጠንካራ ነው። ዛሬም እወደዋለሁ፤ ግን የዚያን ሞተር ዕቃ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ሄዶም ባዶ እጅ መመለስ አለ።

ሦስተኛው ባለ ተርቦ ሱባሩ ነበር። ተርቦ ሳሳ ያለውን አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል። ለእኛ ምድር በወረቀት ላይ ከዚህ የሚሻል የቤንዚን መኪና የለም። ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት የሆኑትን ጋሼን አማከርኳቸው። መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲሰበር ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይፈታዋል? እኔ እንደሆንኩ አልነካውም» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልነኩትማ እኔም አልገዛውም» ብዬ ተውኩት። በኋላ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ በእንዲህ ዓይነት መኪና ሁላችንንም ቀደመን፤ ነገር ግን ተርቦው ሲቃጠልበት ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ጠበቀ። እኛ በእነዚያ ወራት ስንለማመድ እሱ ቆሞ ይመለከተን ነበር።

አራተኛው ዲኤክስ ነው፤ የኋላ ጎማ የሚነዳው፣ ኬኢ 70 የሚባለው የኮሮላ ዓይነት። 1,290 ሲሲ ሞተር፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡሬተር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ከአንድ ቶን በታች ክብደት። ቁጥሩ አያስደንቅም። ይሁንና ፍሪሲዮኑን በአንድ ከሰዓት በኋላ እቀይረዋለሁ፤ ካምቢዮውን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ፤ ዕቃው ከመናኸሪያው ጀርባ ካሉት ሱቆች አይጠፋም። አሜሪካውያን አማተሮች ከ1979 እስከ 1993 የተሠራውን ፎርድ ሙስታንግ ለምን እንደሚወዱት ስረዳ ምርጫዬን ይበልጥ ወደድኩት። ያ መኪና ቀላል ነው፤ ኋላው ይነዳል፤ ባለ 5 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ብዙ መካኒክ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም በየቦታው ይገኛል። የሞተሩ መጠን የእኔን መኪና አራት እጥፍ ይጠጋል እንጂ ምክንያቱ አንድ ነው።

ከገዛሁ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ክብደት መቀነስ ነበር። ጉልበት መጨመር ውድ ነው፤ ክብደት ማውረድ ግን በመፍቻ ይሆናል። የኋላ መቀመጫው፣ መለዋወጫ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የወለሉ ምንጣፍ ወጡ። ቀበቶውንና የአሽከርካሪውን መቀመጫ ማንም እንዲነካብኝ አልፈቀድኩም።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩ። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፤ ቤንዚኑ ግን ብዙም አይቀንስም። ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፤ መኪናው ሲነሣ ይታፈናል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ፣ ጂግለር የምንለውን፣ በጠበበ ቀየርነው። ካንዴላው ፈካ ያለ ቡናማ እስኪሆን ድረስ እየፈታን አየን። ካንዴላው የሚተኩስበትንም ጊዜ ትንሽ አስቀደምነው፤ በሳሳ አየር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ ሞተሩ ይህን ይችላል። እዚህ ላይ ማንም እንዲያልፈው የማልፈልገው ነገር አለ። በዚሁ አስተካክሎ ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ሞተር ያቃጥላል። ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ በጠባቡ ጂግለር የሚገባው ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። የቆላውንና የደጋውን ጂግለር ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመኪናዋ አላወጣም።

ጎማው ላይ ብዙ ሰው አይቆይም፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜዬን የሰጠሁት ለእሱ ነው። በድራግ የመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች የቀረውን መንገድ ይወስናሉ። እዚያ የተረፈች አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ ከአንድ ዐሥረኛ በላይ ሆና ትገኛለች። መሬቱን በደንብ እንዲቆነጥጡ የኋላ ጎማዎቹን ነፋስ በጥቂቱ ቀነስን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳው ውርጭ ስለሆነ ብዙዎች ቀዝቃዛ አየር ለሞተር ይጠቅማል ብለው በጠዋት ይመጣሉ። ለሞተር እውነት ነው፤ ጎማው ግን በቀዘቀዘ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። የእኔ መኪና ምርጥ ሰዓቷን የምትሰጠኝ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ አስፋልቱን ካሞቀችው በኋላ ነው።

የምንወዳደረው ግንባታው አልቆ ለትራፊክ ባልተከፈተ መንገድ ላይ፣ በፈቃድ፣ በሁለቱም ጫፍ ተዘግቶ፣ የራስ ቁር አድርገን፣ የእሳት ማጥፊያና አምቡላንስ አቁመን ነው። ለማቆሚያ የሚሆን ቦታ እንዲተርፈን 201 ሜትሩን ብቻ እንሮጣለን። በሌሊት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪኖች መካከል የሚደረገውን ሽቅድምድም እኔ ውድድር አልለውም፤ እዚያ የሚሄድ ልጅ ከእኛ ጋር እንዲሰለፍም አልስማማም።

አሁን ወደ ደንቡ፤ ምክንያቱም ዲኤክስ ከቪትዝም ከሱባሩም ጋር ቆማ ልታሸንፍ የምትችለው በዚህ ደንብ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ርቀቱን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይናገራል፤ ቁጥሩም መስታወቱ ላይ ይጻፋል። ቀርፋፋው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ከመብራቱ በፊት የተነሣ ይሸነፋል፤ ከተናገረው ሰዓት ፈጥኖ የገባም ይሸነፋል። ስለዚህ የሚፈለገው ዛሬም ነገም ያንኑ ሰዓት የሚደግም መኪና ነው። የእኔዋ 14.1 ከሠራች ቀጥሎ 14.2 ትሠራለች፤ ብዙም አትርቅም። በጉግስ የሚያሸንፈው ፈረሰኛ ፈረሱ መቼ እንደሚዞር የሚያውቅ ነው፤ እኔም ይህችን መኪና እንዲያ አውቃታለሁ። ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ እግሬ ያውቃል፤ ሁለተኛ ማርሽ መቼ እንደሚገባ ጆሮዬ ይነግረኛል። ኃይለኛ መኪና ያላቸው ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት የራሳቸውን ሰዓት መገመት አቅቷቸው ነው።

ዛሬ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ ነገሩ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። እጅ ላይ ያለ ዲኤክስ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል፤ በመንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይስብም፤ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። በ2018 እ.ኤ.አ. የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ ውድድር መኪና አሜሪካ ውስጥ 4,300 ሜትር የሚደርሰውን የፓይክስ ፒክ ተራራ በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጥቶ እስከዚያ የነበረውን ክብረ ወሰን ሁሉ የሰበረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ለእኛ ደጋ ከኤሌክትሪክ መኪና የተሻለ እንደሌለ አምናለሁ፤ ለሚጠይቀኝም ይህንኑ እናገራለሁ። ባትሪው ከባድ መሆኑ፣ ብሬኩና ጎማው ያንን ክብደት መቻል እንዳለባቸውም እጨምርለታለሁ።

እኔ ግን ገና አልቀይርም። የጋሼ ጥያቄ ለኤሌክትሪኩም ይሠራል፤ በከተማችን ያንን ባትሪ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የጋሼ ታናሽ ልጅ ሥልጠና ጀምሯል፤ ሲጨርስ እንነጋገራለን። እስከዚያው ድረስ ደጋው የወሰደብኝን ጉልበት በማርሽ ለማካካስ፣ ለዲኤክሷ ጎማዎቹን በበለጠ ጉልበት የሚያዞር ማርሽ ያለው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) እየፈለግሁ ነው።