በላይኛው አዋሽ የኤሌክትሪክ ሳይክል ጉብኝት፦ መስመሩ፣ ባትሪውና የአውድማው ሰዓት

መልካ አዋሽ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ፣ ዋናው መንገድ አዋሽን በሚሻገርበት ቦታ ላይ ናት። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። የአንድ ቀን መስመራችንን የዘረጋነው በዚህ ዙሪያ ነው። የባልጩት ድንጋይ ወደሞላበት ባልጪት ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር፣ ከመሬት ተፈልፍሎ ወደተሠራው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዋናው መንገድ በስተምዕራብ ደርሶ መልስ 24 ኪሎ ሜትር፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ከሚታይበት ከመልካ ቁንጥሬ ሙዚየምና ከመንደር ውስጥ ዙር ጋር በድምሩ ከ42 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ጀምሮ አለመንዳቱ ይሻላል። እስከ ዓለም ገና ያለው መንገድ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነው፤ ሰው ገና ገጠሩን ሳያይ ጉልበቱንም ባትሪውንም ይጨርሳል። ሳይክሎቹን በአይሱዙ ጭነን እንወስዳለን። ስንጭን ባትሪዎቹን ከሳይክሎቹ አውጥተን ለብቻ በሳጥን ውስጥ በብርድ ልብስ እንጠቀልላለን፤ ሳይክሎቹን ደግሞ ቀጥ አድርገን አቁመን፣ በመካከላቸው ካርቶን አስገብተን እናስራለን። የማርሽ መለወጫው ባለበት ጎን የተጋደመ ሳይክል መለወጫው ተጣሞ ይወርዳል፤ ያን ቀን ሙሉ ካቴናው ሲዘል ይውላል።

የምንጠቀምባቸው ባለ 250 ዋት ሞተር፣ 36 ቮልትና 14 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያላቸው ናቸው፤ ይህ ማለት ባትሪው የሚይዘው ኃይል 500 ዋት ሰዓት ያህል ነው። መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር፤ አምራቹ በወረቀት ላይ ያሰፈረውን «80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚል ቃል አምነን መስመር ሠራን። ያ ቁጥር ለአስፋልት፣ ለሜዳና ለቀላል ሰው ነው። በኮረትና በኮረኮንች ላይ፣ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ነጂው ዘና ብሎ ሲሄድ፣ አንዱ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ሞተሩን በሙሉ እገዛ የለቀቀው ሰው ግን 20 ያልፋል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር በ11 ሲባዛ 462 ይመጣል። ባትሪው ያደርሳል፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። በሙሉ እገዛ የጀመረው ሰው ከአዳዲ ሲመለስ 25 ኪሎ የሚመዝን ሳይክል በእግሩ ብቻ እየገፋ ይመጣል።

አሁን ጠዋት ላይ የሁሉንም እገዛ ሁለተኛው ደረጃ ላይ እናደርጋለን፤ ከዚያ በላይ የሚፈቀደው ከወንዙ ዳር ወደ ሜዳው በሚወጣው አቀበት ላይ ብቻ ነው። ለስምንት ሳይክል ሁለት ሙሉ መጠባበቂያ ባትሪ በመኪናው ውስጥ ይኖራል። ምሳ ላይ እያንዳንዱን ባትሪ እናያለን። ከግማሽ በታች የወረደ ካለ እዚያው እንቀይራለን፤ ጨርሶ እስኪቆም አንጠብቅም።

ሁለት ቀን ለሚያድሩ ቡድኖች ኃይል መሙላቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዱ ቻርጀር 4 አምፔር ሲሰጥ 170 ዋት ያህል ይስባል፤ ባዶ ባትሪ ለመሙላት አራት ሰዓት ግድም ይፈልጋል። ስምንቱን ባንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት 1400 ዋት ገደማ መጫን ነው። የሱቅ ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። አራት አራት አድርገን በሁለት ዙር እንሞላለን። ከጉዞ የገባ ትኩስ ባትሪ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ አይሰካም። ሰው በሚተኛበት ክፍልም ሆነ በጭድ አጠገብ በፍጹም አንሞላም፤ ቦታው ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ መሆን አለበት። መብራት ከሄደ ብለን 2 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር እንይዛለን፤ እሱም አራት አራት ነው የሚሞላው።

ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው ግን አፈሩ ነው። የሸለቆው ሜዳ በአብዛኛው መረሬ ነው፤ ጤፉን፣ ሽምብራውንና ጓያውን የሚያበቅል ጥቁር አፈር። ደረቅ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ የፊት ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጂውን ይጥላል። ዝናብ ከነካው ደግሞ መጀመሪያ ጎማውን ይለብሳል፣ ቀጥሎ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ገለባ ይቀላቀልበትና እንደ ጭቃ ግድግዳ ይጠነክራል። ጎማው መዞር ያቆማል፤ ሞተሩ ግን መግፋቱን አይተውም። በዚህ ጊዜ እገዛውን የሚጨምር ሰው ሞተሩን ያግላል። መውረድ፣ ማጥፋት፣ ጭቃውን በእንጨት መፋቅ ነው ያለው መፍትሔ። የፊቱን ፓራፋንጎ ጨርሶ አውጥተነዋል፤ የኋላውን ከጎማው በአራት ጣት ያህል ከፍ አድርገን አስረነዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ይህን መስመር አንሠራም። አደይ አበባ የሚታይበት ጊዜ ያጓጓል፤ ነገር ግን መሬቱ በደንብ የሚጠነክረው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው።

ጭቃ ሌላም የሚያመጣው ብልሽት አለ፤ ለአስጎብኚ ሁሉ ማስተማር ያለብኝ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ሳይክሉ በመሃል ሞተሩ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ባትሪው ሙሉ ነው። ሰው ሁሉ ባትሪው ተበላሸ ይላል። የኋላ ጎማውን እዩት፦ ከራጂዎቹ በአንዱ ላይ የታሰረች ትንሽ ማግኔት አለች፤ ፍሬሙ ላይ ደግሞ እሷን የሚያነብ የፍጥነት መቁጠሪያ አለ። ጭቃው ማግኔቷን ገፍቶ ካዞራት፣ መቁጠሪያው ጎማው የቆመ ይመስለዋል፤ ሞተሩን ያጠፋል። ማግኔቷን ጠርጎ፣ ከመቁጠሪያው ትይዩ መልሶ፣ በመካከላቸው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ በካቻቪቴ ማጥበቅ ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው ተመሳሳይ ችግር ፍሬን እጀታ ውስጥ ያለው ማቋረጫ ነው፤ አቧራና ጭቃ ሲይዘው እጀታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ሞተሩም ፍሬን የተያዘ መስሎት አይሠራም። እጀታውን ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ሞተሩ ከተነሳ ምክንያቱ ያ ነው።

ባልጪት ላይ ደግሞ ጎማ የሚቆርጥ አለ። የቦታው ስም ራሱ ይነግራችኋል፤ ባልጩት ነው መሬቱ። ሰባት ኪሎ ሜትር ወጥተን የምንደርስበት ይህ ሜዳ በጥቁር የሚያብለጨልጭ የባልጩት ስባሪ ተሞልቷል፤ በመልካ ቁንጥሬ የኖሩ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ መሣሪያ የጠረቡበት ድንጋይ ነው። ጠርዙ ምላጭ ነው። የጎማውን ወለል ሳይሆን ጎኑን ይሰነጥቃል፤ ያን ደግሞ ፓች አይይዘውም፣ ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽም አይደፍነውም። ለዚህ መጠባበቂያ ካላማዳሪያ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ሙሉ ጎማና ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ቁራጮች እንይዛለን። ቁራጩን ከውስጥ በስንጥቁ ላይ ደርበን ነፋን ማለት መኪናው ጋ ያደርሰናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስባሪው የበዛበት ቦታ ሳይደርሱ ሳይክሎቹን አቁሞ የቀረውን በእግር መሄድ ነው። የእሾህ ጉዳይ ቀላል ነው፤ የግራር እሾህን ፈሳሹ ይችለዋል። የንፋሱን ልክ ለአማካይ ሰው ከ2 እስከ 2.5 ባር እናደርጋለን።

ድንጋዩን ማንሳት ክልክል መሆኑን ሳይክል ላይ ሳይወጡ በፊት እናገራለሁ። መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነው። ቀጥሎ የዣን ሻቫዮን የፈረንሳይ ቡድን ለሠላሳ ዓመት ያህል ቆፈረበት፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጣሊያን ቡድን ቀጠለ። በጎጆ ቅርጽ በተሠሩት የሙዚየሙ ክፍሎች ውስጥ 45 ደቂቃ ይበቃል። ጎብኚው ባልጪትን አስቀድሞ ካየ፣ መስታወት ውስጥ ያለውን መጥረቢያ ሲያይ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ እግሩ ያውቀዋል። ስለዚህ ባልጪት ከሙዚየሙ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ የገበሬው ቤትና አውድማው። ሰዎች ይህን ጉብኝት የሚወዱት ለዚህ ነው፤ እኛም በመጀመሪያው ዓመት ያበላሸነው ይህንኑ ነው። አውድማውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አደረግነው፤ ባዶ ነበር። ነዶው ጤዛ ይዞታል፤ እርጥብ ነዶ አይወቃም። ከብቶቹ የሚገቡት ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ነው። ማዝራቱ ደግሞ ነፋስ ይፈልጋል፤ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። በመንሽ ወደ ላይ የተጣለው ገለባ ወደ አንድ ጎን ሲነዳ፣ ፍሬው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ማየት የፈለገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መገኘት አለበት።

ቀኑም ችግር ነበር። ጎብኚ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። እሁድ አይወቃም፤ ብዙ ቦታ ቅዳሜም አይወቃም፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር አይወቃም፤ ደብሩ የሚያከብረው ሌላም ቀን ይኖራል። አሁን የወሩን ቀኖች ከአካባቢው ሰው ጋር ቁጭ ብለን እንመርጣለን። አውድማ ማየት የሚፈልገውን በሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ እንወስዳለን፤ ቅዳሜና እሁድ ለሚመጣው አውድማ አለ ብለን አንሸጥም። 21ን ለአዳዲ ማርያም የሚመርጥ አለ፤ ንግሡ ያምራል፣ ከመሬት ተፈልፍሎ የተሠራውን ቤተ መቅደስ ግን በሕዝብ ብዛት አታዩትም።

ምግቡም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የአውድማ ወቅት ከኅዳር 15 እስከ ገና ከሚጾመው ጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳና እርጎ ቃል የተገባለት ጎብኚ ሽሮ፣ ምስርና ተልባ ይቀርብለታል። ምግቡ ግሩም ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ቃል ነው። ስለዚህ ለጎብኚው በምንልከው ደብዳቤ ላይ አስቀድመን እንጽፋለን። በጾም ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ሊሆን ስለሚችል ቤተ ክርስቲያኑ የሚከፈትበትን ሰዓት ከቄሱ ጋር በዋዜማው እንነጋገራለን።

ለቡና 75 ደቂቃ እንይዛለን። 30 ደቂቃ ይዘን ነበር፤ አቦሉ ሲቀዳ መሪው ሰዓቱን እያየ እንግዶቹን አስነሳ። ቡና አፍልታ በረካ ሳይደርስ እንግዳ የተነሳባት እናት ምን እንደሚሰማት ለማንም አበሻ መንገር አያስፈልግም። ሰዓቱ ካጠረ ከቡናው ሳይሆን ከኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀነሰው። ሞተር ያለው ሳይክል የመረጥንበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ እንግዳው ሳያለከልክ ደርሶ፣ በእርጋታ ተቀምጦ፣ ሰው እንዲያናግር።

በመንደር ውስጥ የምናዝዛቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ግን አንላላባቸውም። ሳይክሉ ድምፅ የለውም፤ ውሃ የጫነች አህያ ከኋላዋ ድንገት ሲደርስባት ትደነብራለች፣ ጀሪካኑ ይወድቃል። ከ30 እርምጃ በፊት ደወል ይመታል፣ ፍጥነት ይቀነሳል፣ ባለ አህያዋን ሳናልፍ «አካም ጅርቱ» እንላለን። ትልልቆቹን «ኦቦ» እና «አዴ» ብሎ መጥራት መሪው ለእንግዶቹ የሚያስተምራቸው የመጀመሪያ ቃላት ናቸው። ውሻ ከመጣ ወርዶ ሳይክሉን በራስና በውሻው መካከል አድርጎ መቆም እንጂ ሞተር ከፍቶ መሸሽ አይሠራም። አውድማ ላይ ሳይክል አይገባም፤ ጫፉ ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ምርቱ እንዲባረክ ይመረቃል፣ ጫማ አውልቁ ከተባለ ይወለቃል። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ለሚሮጡ ልጆች ከሳይክል ላይ ምንም አይወረወርም፤ ልጅ ጎማ ሥር የሚገባው በዚያ ነው። ባዶ ጠርሙሶቹን መኪናው ሰብስቦ ላስተናገደችን ቤት ይሰጣል፤ ለዘይትና ለአረቄ ይፈለጋሉ።

ቡድኑ ከስምንት አይበልጥም፤ አንድ መሪ ከፊት፣ መሣሪያ የያዘ አንድ ሰው ከኋላ። የኋላው ሰው ቦርሳ ውስጥ ሁለት ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ የካቴና መፍቻና ማገናኛ፣ የአለን ቁልፎች፣ ለሞተሩ ዳዶ የሚሆን 18 ቁጥር ቁልፍና የላስቲክ ማሰሪያ አለ። የሞተሩን ዳዶ በየጠዋቱ መፈተሽ ግዴታ ነው፤ ኮረኮንች ያላላዋል፣ የላላው አክስል ደግሞ ዞሮ ገመዱን ይበጥሳል።

የአስተናጋጆች ክፍያ በሰው ቁጥር ሳይሆን በቤት ነው፤ እንግዳው ሁለትም ሆነ ስምንት እሳቱ አንድ ነው። ብሩን ቡናውን ላፈላችው ሴት በእጇ እንሰጣለን፣ ከመነሳታችን በፊት፣ መሪው ብቻውን። በደላላ በኩል ስንልክ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። አውድማው ላይ ላሉት ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ስኳርና ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ ይህን የመከሩን የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። ከአውድማው አሥር ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሆን ሳይክሎቹ አይሱዙው ላይ ተጭነው፣ ባትሪዎቹ ወጥተው፣ ማግኔቶቹ ተጠርገው ያልቃሉ። በግፊት ውሃ አናጥብም፤ ውሃው የሞተሩን ማኅተም አልፎ ይገባል። ባልዲ፣ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።