«ልጇ አውሮፕላን ይሠራል»

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ደውሎ «እዚያ ከሥራ ስትወጡ ምን ትሠራላችሁ?» አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ በእውነት መልሼ ጉድ ሆኛለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ገንዘብ እቀበላለሁ። ያን ዓመት ብርዱ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ከወረቀት አውሮፕላን መሥራት ጀመርኩ። በልጅነታችን ከደብተር ገንጥለን የምንወረውረውን ማለቴ አይደለም። ዳግላስ ሲ 47ን ነው፤ አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረበትን፣ በ1 ለ 50 ልክ። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 29 ሜትር ይሆናል፤ የኔው 58 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው። እሱን የመረጥኩት እማዬ ልደታ ስላደገች ነው። ቦሌ ሳይከፈት ማረፊያው እዚያ ነበርና፣ ያኔ ከሰማይ ሲወርድ እያየች እንዳደገች ስታወራ ሰምቼ አልጠግብም።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። መስመሩን ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብላችሁ ካላሰመራችሁበት ወፍራሙ ወረቀት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሆዱ እንዲጎብጥ መዳፌ ላይ አስተኝቼ እርሳስ ሳንከባልልበት አመሻለሁ። ኮላ ከበዛ ደግሞ ወረቀቱ ውሃውን ጠጥቶ ይንጋደዳል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭነቱ እንዳያሳብቅ አንድ በአንድ ግራጫ ቀባሁት። ስምንት ወር ፈጀብኝ።

በመሃል እማዬ ደውላ «ምን ይዘህ ነው ድምፅህ የራቀው?» ስትለኝ «አውሮፕላን እየሠራሁ» አልኳት። «እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለምን እንደቸኮለች የገባኝ አዲስ አበባ ስገባ ነው።

አራት ኪሎ፣ እናቴ ቤት ደጃፍ ላይ እድርተኛው ቆሞ ይጠብቀኛል። «ኢንጂነሩ መጣ!» ይላል አንዱ። «ቦይንግ ነው አይደል የገባኸው?» ትላለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጄን ይዘው የልጃቸው በረራ ስድስት ሰዓት የዘገየበትን ምክንያት እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። በእጄ ከመኪና ማቆሚያ ትኬት ሌላ አልፎ አያውቅም። እማዬ ፊቷ በርቶ ታየኛለች። ምን ልበል? ፈገግ አልኩ።

ሻንጣዬ እንደ ሁላችሁም ሻንጣ የራሴ አልነበረም። ከሰው ጫማና ከሰው ቫይታሚን ስር የኔ አውሮፕላን ቀኝ ክንፉ ጠፍጥፎ ወጣ። አትሜ የምቆርጠው ንድፍ ፋይሉ ስልኬ ላይ ስለነበር ከእህቴ ልጅ ጋር እዚያው አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ሄድን። የኮፒ ቤቱ ልጅ «ጋሼ፣ ፊት ቱ ፔጅ፣ በወረቀቱ ልክ ላድርገው ወይስ በራሱ ሳይዝ?» ሲለኝ «በራሱ ነዋ! ስምንት ወር የሠራሁትን ነገር ትጠይቀኛለህ?» አልኩት፣ ኢንጂነርነቱ ሳይሰማኝ አልቀረም። ሁለት ምሽት ሠርቼ ጨረስኩ።

ቅዳሜ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ እማዬ «በሉ አሳያቸው» አለች። አመጣሁት። ክንፉን ስገጥመው አልገባም። ግፊት ጨመርኩ፤ ገባ። ቤቱ ጸጥ አለ። የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ማስመሪያውን አምጥቶ ለካና «ጋሼ፣ ግራው አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያንሳል» አለ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው «በዚህስ እኔ አልሳፈርም» አሉ።

ጥፋቱ የአሜሪካ ወረቀት ነው። እኛ የምናውቀው ኤ4 ቁመቱ 29.7 ሳንቲሜትር ነው፤ የነሱ 27.9 ብቻ። ዓለም በሜትር ሲለካ በኢንች የሙጥኝ ያለ ሕዝብ ወረቀቱንም ለብቻው ቆርጦታል። ንድፉ ለኤ4 የተሠራ ስለሆነ የኔ ፕሪንተር ሳይጠይቀኝ ወደ 6 በመቶ ቀንሶ አትሞታል። ሁሉም እኩል ስላነሰ ስምንት ወር ሙሉ አልታወቀኝም። ትክክለኛው የአራት ኪሎው ክንፍ ነበር። ይህን ለማስረዳት ስሞክር አንዷ «ታዲያ ፋብሪካው ወረቀት ነው እንዴ የሚጠቀመው?» አለች። ያን ጊዜ ተናዘዝኩ፦ «የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ይሄ የትርፍ ጊዜዬ ነው።» ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እማዬ የቡናውን እሳት ማራገብ ያዘች።

ወደ አሜሪካ ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ ሥራችሁን የመጀመሪያው ስልክ ላይ በስሙ ጥሩት። ጽዳት ከሆነ ጽዳት፣ ዕቃ መጫን ከሆነ ዕቃ መጫን። አሜሪካ ጎረቤትህ አሥር ዓመት አጠገብህ ኖሮ ስምህን አይጠይቅም፤ አገር ቤት ያልሠራኸው ሥራ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይወራል። ሰው የላከውን ዕቃም መዝናችሁ ተቀበሉ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አውሮፕላኑን ወደ ሻንጣዬ ልከት ስል ቦታው የለም። እማዬ ቡፌው ላይ፣ በዳንቴል ላይ አስቀምጣዋለች፤ አጭሩ ክንፍ ወደ ግድግዳ ዞሯል። የመጣች እንግዳ እያየችው ነበር።

«ናሙናው ነው» አለቻት እማዬ። «ትልቁ እዚያ ነው ያለው።»