በጥበብና በቁመት

ወገኖቼ፣ ዛሬም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጄ በ7 ዓመቱ ኢንሱሊን የሚያስወጋው የስኳር ሕመም ያዘው። 10 ዓመት ሲሞላው ታናሽ እህቱ በቁመት ደረሰችበት። በሩ መቃን ላይ በእርሳስ የማሰምርለት ምልክት ዓመት ሙሉ ፈቀቅ አላለም።

ያቺ ሌሊት! ሐምሌ ነው፣ ደሴ በጉም ታፍናለች። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማስመለስ ጀመረው። ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል ብዬ የማታውን መርፌ ተውኩት። እናቶች፣ እንዳታደርጉት! የታመመ ልጅ ባይበላም መጠኑ ይስተካከላል እንጂ ኢንሱሊን አይቋረጥም። ሲቋረጥ ሰውነት ስብ ያነዳል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ትንፋሹ ጠለቀ፣ ፈጠነ፤ አፉ ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ ሸተተኝ። ስጠራው አይመልስም። «ቅዱስ ሚካኤል፣ አደራህን!» እያልኩ በጋቢ ጠቅልዬው ወጣሁ። ጎረቤታችን በዚያ ጭቃ በባጃጁ ሆስፒታል አደረሰን፤ ሳንቲም አልተቀበለኝም፣ ብድሩን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

«ቶሎ ቶሎ አፍስሱለት» ብዬ ጮህኩ። ሲስተሯ ግን ፈሳሹ ከፈጠነ የልጅ አንጎል ሊያብጥ እንደሚችል አስረዳችኝ፤ ጠብታውን እየቆጠረች፣ በየሰዓቱ ስኳሩን እየለካች አደረች። እኔ ኮሪደር ላይ ከፈጣሪዬ ተጣላሁ። አልዋሽም፤ «ጾምኩ፣ ግሸን በእግሬ ወጣሁ፣ ምን አጎደልኩብህ?» አልኩት። ሲነጋጋ ልጄ «ውኃ» አለ። ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል።

አለማደጉስ? ሐኪሙ ክንዱን ዳሰሰው። አያምም ብለን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስንወጋው ከቆዳው ሥር አብጦ ደድሯል፤ መድኃኒቱ ከዚያ በወጉ ወደ ደም አይገባም። ኢንሱሊን ሲያንስ የበላው ስኳር በሽንት ይሄዳል፣ ጉበቱም አጥንት የሚያስረዝመውን ንጥረ ነገር በበቂ አይሠራም። እድገቱን ያዘገየው እሱ እንዳይሆን የእንቅርት ዕጢውንም አስመረመሩት፣ ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ ሆድ፣ ጭን፣ መቀመጫ እናፈራርቃለን፤ ከትናንቱ ነጥብ ሁለት ጣት እንርቃለን። ጤነኛ ቆዳ መድኃኒቱን አሟጦ ስለሚወስድ፣ ስኳሩ እንዳይወርድ ሐኪሙ መጀመሪያ መጠኑን ቀነሰው። ደፍረስ ያለውን ብልቃጥ አንንጠውም፣ በመዳፋችን 20 ጊዜ እናንከባልለዋለን። ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሙቀቱ እንዳያበላሸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እንይዘዋለን።

ዓመት አለፈ። መስመሩ 6 ሳንቲሜትር ወጣ! «በጥበብና በቁመት ያድግ ነበር» የሚለውን ሉቃስን በሩ ሥር ቆሜ በእንባ አነበብኩት። ጸበሉንም እንጠጣለን፣ መርፌውንም እንወጋለን።

አሁን ጉርምስናው እየመጣ ነው፤ ያኔ ሰውነት ኢንሱሊንን ስለሚቋቋም መጠኑ እንደሚጨምር ነግረውናል። ወልደ ሚካኤል እያላችሁ በጸሎት አስቡልኝ።