አምሳ ሰዓት

ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ወዲህ ካፈራሁት ንብረት ሁሉ ባለቤቴ በስሙ የማትጠራው አንድ ነው። «ያ ነገር» ትለዋለች። ያ ነገር ባለ አራት ጎማ የአሸዋ ሞተር ሳይክል ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ጡረተኛ ስገዛው፣ ሰውየው መቀመጫውን አንሥቶ ከሥሩ የተለጠፈ ነጭ ፕላስተር አሳየኝ። በእጅ ጽሕፈት «የኋላ ሾክ አብዞርበር፣ 50 ሰዓት» ይላል። የመንገዱን ምት የሚያበርዱት ሁለቱ ሾክ አብዞርበሮች ከሞተሩ ጋር የመጡት ሳይሆኑ በኋላ በውድ ዋጋ የተገጠሙ፣ ቢጫ ሞላ ያላቸው፣ ጎናቸው ላይ ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ ያዘሉ ነበሩ። በልቤ «አምሳ ሰዓት ብቻ የሠራ! ገና መች ተሟሸ!» አልኩና ሳልከራከር ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት ቡና በተጠራሁ ቁጥር ስለ አምሳ ሰዓቱ ሳላወራ አልተመለስኩም።

እንክብካቤ አላጎደልኩበትም። ከአሸዋ በተመለስኩ ቁጥር መኪና ማጠቢያ ወስጄ በኃይለኛ ውኃ አጥበው ነበር፤ በተለይ የሾክ አብዞርበሩን ዘንግ የውኃውን አፍንጫ አስጠግቼ። ከጊዜ በኋላ ዘንጉ ላይ ጥቁር ቅባት ይታየኝ ጀመር፤ አሸዋ ተለውሶበት በሶ መስሏል። የቀድሞው ባለቤት የቀባው ግሪስ ነው ብዬ የሰውየውን ጥንቃቄ እያደነቅሁ በጨርቅ ጠረግሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ጠረግሁት፤ መጣ። ተቀብቶ የማያልቅ ግሪስ እንዴት ያለ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ብቻ የባለቤቴን አጎት አማከርኳቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው በኤንትሬ የጭነት መኪና የአሰብን መንገድ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ያልተሰበረ ዕቃ አይነካም» አሉ። በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ዘንድሮ ለዳግማይ ትንሣኤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ኔሊስ ዱንስ ወጣን። ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ፣ በ15 ቁጥር አውራ ጎዳና የመኪና ውድድሩን ሜዳ አለፍ እንዳሉ የሚገኝ፣ መግቢያ የማይከፈልበት የአሸዋ ኮረብታ ነው። ሰዎቻችን ነፋስ ፍለጋ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ። ምግቡ ግን ታች መኪናው ውስጥ ቀርቷል። እትዬ ሁለት ቀን የደከሙበት ዶሮ ወጥ፣ ከነአሥራ ሁለት እንቁላሉ፣ በአገልግል ታስሮ። «እኔ አመጣዋለሁ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

አገልግሉን ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ በላስቲክ ጠፍሬ ተነሣሁ። መንገዱ ላይ ሞተረኞች እየደጋገሙ የፈጠሯቸው እብጠቶች አሉ፤ እንደ ግመል ሻኛ ተከታትለው የተደረደሩ። ቀስ ብሎ ለሚያልፋቸው ምንም አይደሉም። ዘመድ እያየኝ ስለ ነበር ግን በአውራ ጣቴ ነዳጅ ጨመርኩ።

የመጀመሪያውን በክብር አለፍኩ። ሁለተኛው ላይ የሞተሩ ጀርባ እንደ በቅሎ ረገጠ። ሦስተኛው ላይ ከመቀመጫው ተነሥቼ አየሁ፤ ምን አየሁ፣ እግሮቼን ከመሪው በላይ አየኋቸው። አራተኛውን ሞተሩ ብቻውን አለፈው። እኔ አሸዋ ላይ በሆዴ ወርጄ ቀና ስል አገልግሉ በአየር ላይ ነበር። ወረደ፤ ክዳኑ ወደ ቀኝ፣ ሙዳዩ ወደ ግራ። ወጡን አሸዋው በአንድ ጊዜ ጠጣው። እንቁላሎቹ ግን ቁልቁል መንከባለል ጀመሩ፤ የበርበሬ ቀለማቸውን በአሸዋ እየሸፈኑ፣ ተራ በተራ፣ ያለ ጥድፊያ።

ከላይ የባለቤቴ ድምፅ ተሰማ። «አገልግሉ ተረፈ?» ቀጥሎ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ «አንተስ?»

ጋሼ ወርደው አንዱን እንቁላል አንሥተው እፍ እፍ አሉበት። «እኛ በባሌስትራ ሞላ ከአሰብ ድረስ ብርጭቆ ጭነን ስንመጣ አንድ አይሰበርብንም ነበር» አሉና ለእትዬ አሳልፈው ሰጧቸው። እትዬ ምንም አልተናገሩም። እስከ ዛሬም አልተናገሩም።

ማክሰኞ ዕለት ሞተሩን ሾክ አብዞርበር ወደሚያድስ ሰው ወሰድኩት። ጀርባውን በእጁ ተጭኖ ለቀቀው። ጤነኛ ቢሆን ዝግ ብሎ ተነሥቶ ይቆማል፤ የእኔው ሦስት ጊዜ እስክስታ ወረደ። ሞላ የተቀበለውን ይመልሳል እንጂ አይውጥም፣ ምቱን የሚውጠው ዘይቱ ነው አለኝ። ዘይቱ ደግሞ አረፋ እንዳያወጣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ጋዝ በግፊት ተጭኖ ይይዘዋል። የግፊት መለኪያውን ገጠመ። ከ150 ፒኤስአይ በላይ ማሳየት የነበረበት መርፌ ከዜሮው ላይ ንቅንቅ አላለም። ፈትቶ ሲያፈሰው፣ አዲስ ሳለ እንደ ጠጅ የጠራ የነበረው ዘይት የጠላ አተላ ሆኖ ወጣ። ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ አሸዋ በልቶታል፤ አሸዋውን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባው ደግሞ የእኔ ኃይለኛ ውኃ ነው።

«ስንት ሰዓት ሠርቷል?» አለኝ።

«አምሳ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ ፕላስተሩንም አሳየሁት።

ሰውየው አነበበው። ከዚያ ሌላውን ሠራተኛ ጠራው፤ እሱም አነበበው። ለካ ጡረተኛው የጻፈው ሾክ አብዞርበሩ የሠራበትን ሳይሆን የሚታደስበትን ኖሯል፤ በየአምሳ ሰዓቱ! ተወዳዳሪዎች በሃያ ሰዓት ገደማ ያሳድሳሉ። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው አምሳ ሰዓት ወይም አንድ ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰውን ይይዛል። ሰዓቱም ተሰውሮ አያውቅም፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር የሚቆጥር መስኮት ከመሪው ሥር አለ። እኔ የፋብሪካ መለያ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። ስገዛው 118 ይል እንደ ነበር የሽያጩ ወረቀት ላይ ተጽፏል። አሁን 431 ይላል። መካኒኩ በጣቱ ቆጠረልኝ፤ ስድስት ጊዜ ዘልያለሁ።

አንዱ ዘንግ ተጭሮ ስለ ነበር ተለውጦ፣ ለሁለቱም 380 ዶላር ከፈልኩ። ባለቤቴ ሒሳቡን ወደ ዶሮ መነዘረችው።

አሁን ከመቀመጫው ሥር በራሴ እጅ «431 ታደሰ፣ 481 ይታደስ» የሚል አዲስ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። መስኮቷንም ከእጅ ሰዓቴ ይልቅ አያታለሁ። ባለፈው እሑድ አሸዋው ላይ አምሽቼ ኖሮ ባለቤቴ ደወለች።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ታውቃለህ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«አራት መቶ ሠላሳ ሰባት» አልኳት።